የዛፉ ባለቤት ማን ነው?

ስለ ደን ጥበቃና ስለ ድኻው ድርሻ ለዞንና ለወረዳ ሹማምንት የተጻፈ ትምህርት

ውሃን ከጥሩ፥ ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፥ ስለ ደን መልማትና መጥፋት የሚመክር ሹም ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ዛፉ ቢያድግ የሚጠቀመው ማን ነው? ቢደርቅስ የሚጎዳው ማን ነው? ስለ ጉድጓዱ ጥልቀት፥ ስለ ችግኙ ዓይነትና ስለ መትከያው ወራት የሚሰጠው ትምህርት ሁሉ ጠቃሚ ነው፤ በዚህም ነገር ብዙ ተጽፏል። ዳሩ ግን ጉድጓዱ በሚገባ ተቆፍሮ፥ ችግኙ በወቅቱ ተተክሎ፥ ዝናሙም ሳይጓደል ዘንሞ ሳለ፥ በሁለተኛው ዓመት ቦታው ባዶ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለ ምን ጠፋ ተብሎ ሲጠየቅ፥ ፍየል በላው፥ እሳት ገባበት፥ ሌሊት ተቆረጠ የሚል መልስ ይሰጣል። ነገር ግን ፍየሏ ባለቤት አላት፤ እሳቱንም የለኮሰ ሰው አለ፤ ሌሊት መጥረቢያ ሲጮኽ የሰማም ጎረቤት አይታጣም። እነዚህ ሁሉ አይተው እንዳላዩ የሆኑበትን ምክንያት ያልመረመረ ሹም በሚመጣውም ክረምት ያንኑ ጉድጓድ ያስቆፍራል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ደንን ከድኻው መብት ጋራ አያይዘው የሠሩ የሌላ አገር ሰዎችን ሥራ እናቀርባለን፤ ቀጥሎም በአገራችን በወላይታ የተደረገውን አንድ ሥራ እንመለከታለን፤ በመጨረሻም አንድ ሹም በገዛ ወረዳው ሊያደርገው የሚችለውን እንገልጻለን። ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ስለ ነገሩ ትርጓሜ

ደን በጠፋ ጊዜ ጥቅሙና ጉዳቱ ለአንድ ሰው አይደርስም። ግንዱን ያስቆረጠው ነጋዴ ዋጋውን ተቀብሎ ከተማ ይገባል፤ ከሰሉም ተጭኖ ሄዶ በከተማ ምድጃ ይነዳል። ጉዳቱ ግን እዚያው ከተራራው ሥር ይቀራል። ማገዶዋን ከደጇ ትለቅም የነበረች ሴት ግማሽ ቀን ትሄዳለች፤ ምንጩ በበጋ ይነጥፋል፤ ጎርፉም አፈሩን ጠርጎ የድኻውን ማሳ ቦረቦር ያደርገዋል። ይህ ፊተኛው በደል ነው።

ሁለተኛው በደል ግን በመልካም ሥራ ስም የሚፈጸም ስለ ሆነ ከሹም ዓይን ይሰወራል። ተራራው ይከለል፥ ከብትም አይግባበት ተብሎ በተወሰነ ጊዜ፥ ሰፊ መሬት ያለው ገበሬ ከብቱን በገዛ ማሳው ገለባና ድርቆሽ ሊያቆይ ይችላል። መሬት የሌላት፥ ባሏ የሞተባት፥ ሁለት ፍየል ብቻ ያላት ሴት ግን ፍየሎቿን ትሸጣለች፤ ያ የወል ግጦሽ እርሻዋም ጎተራዋም ነበርና። ከጥቂት ዓመት በኋላ በተከለለው ቦታ ሣር አድጎ በጨረታ ሲሸጥ ገንዘብ ያለው ይገዛዋል። እንዲህ ሲሆን ደኑ ሲጠፋ የተጎዳችው ሴት ደኑ ሲለማም ዳግመኛ ተጎዳች ማለት ነው።

እንግዲህ የአካባቢ ፍትሕ ማለት ሁለቱን በደሎች አንድ ላይ መዝኖ ማስቀረት ነው፤ የጥፋቱ ዕዳ ባላጠፋው ሰው ላይ እንዳይወድቅ፥ የልማቱም ድካም ለድኻው፥ ትርፉ ለሌላው እንዳይሆን መጠበቅ ነው። ሁሉን የሚያቅፍ አረንጓዴ ሀብት የሚባለውም ዛፉ ቆሞ ሳለ፥ አፈሩም ሳይታጠብ፥ ውሃውም ሳይነጥፍ የሚገኝ ገቢ ሲሆን፥ ወደዚህም ገቢ የሚያስገባው በር ለሴቱም፥ መሬት ለሌለው ወጣትም፥ ለአርብቶ አደሩም የተከፈተ ሲሆን ነው።

2ኛ፤ የኬንያዋ ወይዘሮ ዋንጋሪ ማታይ

ወይዘሮ ዋንጋሪ ማታይ በ1940 በኬንያ፥ በኒዬሪ አውራጃ፥ ኢሂቴ በምትባል መንደር ተወለዱ። በሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ተምረው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ ከዚያም ተመልሰው በ1971 ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ይህን ማዕርግ ያገኙ የመጀመሪያዪቱ ሴት እርሳቸው ናቸው። ትምህርታቸው ስለ እንስሳት አካል ነበር እንጂ ስለ ደን አልነበረም። ወደ ደኑ ነገር ያገባቸው የሴቶች ማኅበር አባል በነበሩ ጊዜ ከገጠር እናቶች የሰሙት አቤቱታ ነው። እናቶቹ ማገዶ ራቀብን፥ ንጹሕ ውሃ አጣን፥ ለልጆቻችንም በቂ ምግብ የለንም ብለው ተናገሩ። ወይዘሮ ዋንጋሪ ይህ ሁሉ አንድ ሥር እንዳለው ተመለከቱ፤ ኮረብታው ለሻይና ለቡና ተመንጥሮ ዛፉ ስላለቀ ነው። ስለዚህ ዛፍ እንትከል አሉ፤ በ1977 ሰኔ 5 ቀንም በናይሮቢ ከተማ በአንድ መናፈሻ 7 ዛፎች ተከሉ። የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ የተባለው ማኅበር የተጀመረው በዚህ ነው።

ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን የዛፉ ቁጥር ሳይሆን የሥራው ሥርዓት ነው። በመጀመሪያ የደን መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ዛፍ መትከል የተማረ ሰው ሥራ ነው፥ ያለ ዲፕሎማ አይሆንም ባይነት አሳይተው ነበር። እንዲህ ያለውን ምክር ዘር ስትዘራና ስታርም ለኖረች እናት መንገር ለቀባሪው አረዱት እንደሚባለው ነው። ሴቶቹ ከየአካባቢያቸው ዘር ለቅመው በተሰበረ ሸክላና በአሮጌ ቆርቆሮ አፈር ሞልተው አፈሉ። ወይዘሮ ዋንጋሪም ዲፕሎማ የሌላቸው የደን ባለሙያዎች ብለው ሰየሟቸው።

ሁለተኛው ሥርዓት የክፍያው ነው። ለአንዲት ሴት ጥቂት ሳንቲም የሚከፈላት ችግኝ ስለ ተከለች አልነበረም፤ የተከለችው ችግኝ ጸድቆ፥ በሕይወት መኖሩ ከታየ በኋላ ነው። ክፍያው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ነገር ግን ገንዘቡ የሷ በመሆኑ ለልጇ ደብተር ወይም ለቤቷ ጨው ትገዛበታለች። ዛፉም በማሳዋ ዳር ያደገ ስለ ሆነ ማገዶው፥ ፍሬውና ጥላው የሷው ነው። እንዲህም ሆኖ የኖቤልን የሰላም ሽልማት በ2004 በተቀበሉበት ጊዜ በማኅበሩ የተተከለው ዛፍ ከ30 ሚሊዮን በላይ ይቆጠር ነበር። ይህን ሽልማት ካገኙት አፍሪካውያን ሴቶች ፊተኛዪቱ እርሳቸው ናቸው።

ሦስተኛው ሥርዓት ድፍረት ነው። በ1989 በናይሮቢ እምብርት የሚገኘው የኡሁሩ መናፈሻ ተወስዶ 60 ፎቅ ያለው ሕንፃ ሊሠራበት በታሰበ ጊዜ፥ ድኻው የከተማ ሰው በሰንበት የሚያርፍበት ቦታ አይወሰድ ብለው ተከራከሩ፤ ብዙ ስድብም ተሰደቡ፤ ሕንፃው ግን ቀረ። በከተማዪቱ አጠገብ ያለው የካሩራ ደን ለጥቂት ባለጸጎች ቤት መሥሪያ በተከፋፈለ ጊዜም ችግኝ ይዘው ወደዚያ ሄዱ፤ በ1999 ጥር ወርም በዚያ በዱላ ተደብድበው ራሳቸው ቆሰለ። የካሩራ ደን ዛሬም ቆሞ ይታያል። ወይዘሮ ዋንጋሪ በ2011 መስከረም 25 ቀን ናይሮቢ ላይ ዐረፉ።

3ኛ፤ በኒጀርና በቡርኪና ፋሶ የታየው

በኬንያ የተባለው ዝናም በሚገኝበት ኮረብታ ላይ ነው። ከሰሐራ በረሃ በስተ ደቡብ፥ ዝናም ጥቂት በሆነበት አገር የሚሆነውስ እንዴት ነው?

ቶኒ ሪናውዶ የሚባሉ አውስትራልያዊ የእርሻ ባለሙያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኒጀር አገር በማራዲ አውራጃ ዛፍ ያስተክሉ ነበር። የተተከለው ሁሉ ማለት ይቻላል በአሸዋ፥ በድርቅና በከብት ይጠፋባቸው ነበር። በ1983 ችግኝ ጭነው ሲሄዱ በአሸዋማ መንገድ የመኪናቸውን ጎማ አየር ሊቀንሱ ወረዱ፤ በአጠገባቸውም ተራ ቁጥቋጦ የሚመስል ነገር አዩ። ቀርበው ቅጠሉን ሲመረምሩ ቁጥቋጦ አልነበረም፤ ከተቆረጠ ዛፍ ጉቶ የሚያቆጠቁጥ ቡቃያ ነበር። ሜዳው ሁሉ ባዶ መስሎ ይታይ እንጂ ሥሩ ከምድር በታች በሕይወት ነበረ። ገበሬው በየዓመቱ ማሳውን ሲያጸዳ ይቆርጠዋል እንጂ ቢተወው ዛፍ ይሆናል። የሚያስፈልገው ከአንድ ጉቶ ከሚወጡት ቡቃያዎች ጠንካሮቹን ጥቂት መርጦ ማስቀረት፥ የቀሩትን መግረዝና መጠበቅ ብቻ ነው። ይህም ችግኝ ጣቢያ አያሻውም፤ ውሃ ማጠጣትም የለበትም።

ታዲያ ገበሬው ስለ ምን ይቆርጠው ነበር? አንደኛው ምክንያት ንጹሕ ማሳ የመልካም ገበሬ ምልክት ነው የሚለው ልማድ ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ምክንያት ግን ሕግ ነው። ከቅኝ ገዥዎች ዘመን በተወረሰው ሕግ መሠረት በገበሬው ማሳ ውስጥ የበቀለ ዛፍ ሳይቀር የመንግሥት ንብረት ነበር። ገበሬው ቅርንጫፍ ቢቆርጥ የደን ዘበኛ ይቀጣው ነበር። እንግዲህ ዛፉ በማሳው ቢያድግ ለገበሬው ሀብት ሳይሆን የክስ ምክንያት ነበር፤ ስለዚህ ሳያድግ ገና በቡቃያው መቁረጥ ይሻለው ነበር። ዛፍን ለመጠበቅ የወጣው ሕግ ዛፍን አጠፋ ማለት ነው።

የሚከተለውንም ነገር ሹማምንት ልብ ብለው እንዲያነቡት እንለምናለን። በ1984 ረኃብ በሆነ ጊዜ ለሚጠብቁት ቡቃያ እህል ይሰጣቸው ዘንድ ከብዙ መንደር ገበሬዎች ጋራ ስምምነት ተደረገ፤ ወደ 500,000 የሚሆን ዛፍም ተጠበቀ። እህሉ ባለቀ ጊዜ ግን ከዚህ ዛፍ ከሁለት ሦስተኛው የሚበልጠው ተቆረጠ። ለእህል ሲሉ የጠበቁትን ያለ እህል የሚጠብቁበት ምክንያት አልነበራቸውምና። ሥራው ሥር የሰደደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ይኸውም ዛፉን ያስቀሩት ገበሬዎች ማሽላቸው ከነፋስና ከአሸዋ ሲድን፥ ማገዶም ሲያገኙ ጎረቤቶቻቸው ስላዩ፥ ደግሞም ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የዘበኞቹ ቁጥጥር ላልቶ ዛፉ የገበሬው ነው የሚለው ሐሳብ በተግባር ስለ ተፈቀደ ነው። ከዚያ ወዲህ በሃያ ዓመት ያህል ጊዜ በኒጀር ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን የእርሻ መሬት በዚህ መንገድ ዛፍ እንዳበቀለ ይገመታል። ከዛፎቹም አንዱ የግራር ዘመድ ሲሆን በዝናም ወራት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ ይለመልማል፤ ስለዚህ በእህሉ ላይ ጥላ አይጥልም፥ በደረቁም ወራት ለከብት ምግብ ይሆናል።

በጎረቤት አገር በቡርኪና ፋሶም በያቴንጋ አውራጃ ያኩባ ሳዋዶጎ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። እኒህ ሰው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በድርቅ ብዙ ሰው አገሩን ጥሎ ሲሄድ አልሄድም ብለው ቀሩ። ዛይ የሚባለውን የአባቶቻቸውን የእርሻ ዘዴ አሻሻሉ። ምድሩ እንደ ጡብ በደረቀበት በበጋ ወራት ሰፊና ጥልቅ ጉድጓድ እየቆፈሩ ፍግ ይጨምሩበታል፤ ምስጥም ወደ ፍጉ መጥቶ አፈሩን ይበሳሳዋል፤ በክረምት የመጀመሪያው ዝናም ሳይፈስ በዚያ ይሰርጋል። በዚህ ዘዴ እህልም ዛፍም አበቀሉ። ጎረቤት በመጀመሪያ አበደ አላቸው፤ ዛፋቸውንም ያቃጠለባቸው ነበር። እርሳቸው ግን ቂም ሳይይዙ ገበሬዎች በማሳቸው ተሰብስበው ዘርና ዕውቀት የሚለዋወጡበት የገበያ ቀን አቆሙ። ያኩባ ሳዋዶጎና ቶኒ ሪናውዶ በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን የስዊድን ሽልማት ተቀበሉ።

ዳሩ ግን ያኩባ ሳዋዶጎ መጨረሻቸው ያማረ ብቻ አልነበረም። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ደናቸው ካለበት መሬት ከፊሉ ለቤት መሥሪያ ተሸነሸነ። መሬቱን ከድንጋይነት ወደ ደንነት ያደረሰው ሰው በእጁ የባለቤትነት ወረቀት አልነበረውም። እርሳቸውም በ2023 ታኅሣሥ ወር ዐረፉ። ከዚህ የምንማረው ልማቱ ካማረ በኋላ የመሬቱ ዋጋ ስለሚያድግ፥ የአልሚው መብት መጻፍ ያለበት መሬቱ ባዶ ሳለ እንደ ሆነ ነው።

4ኛ፤ የብራዚሉ ቺኮ ሜንዴስ

እስካሁን ያየናቸው ዛፍ በሌለበት ዛፍ ያበቀሉ ናቸው። ቀጥሎ የምናየው ሰው ግን ያለውን ደን ለማቆየት የደከመ ነው።

ቺኮ ሜንዴስ በ1944 በብራዚል አገር፥ በአክሬ ክፍለ ሀገር፥ በሻፑሪ ተወለደ። ሥራው እንደ አባቱ በታላቁ የአማዞን ደን ውስጥ ከጎማ ዛፍ ነጭ ወተቱን መቅዳት ነበር። የጎማ ዛፍ ቅርፊቱ በብልሃት ተፍቆ ወተቱ ይቀዳል እንጂ ዛፉ አይቆረጥም፤ ስለዚህ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ደኑን ካጠፋ እንጀራውን አጠፋ ማለት ነው። በ1970ዎቹ ግን መንገድ ሲወጣ ከብት አርቢ ባለጸጎች ወደ አክሬ ገብተው መሬት እየገዙ ደኑን ይመነጥሩ ጀመር። በደኑ ውስጥ የሚኖሩት ድኾች ሲኖሩበት የቆዩበትን መሬት የሚያስመሰክሩበት ወረቀት ስላልነበራቸው ተባረሩ።

ቺኮ ሜንዴስና ጓደኞቹ ያደረጉት መሣሪያ ማንሣት አልነበረም። ዛፍ የሚቆርጡ ሠራተኞች ወደ መጡበት ቦታ ሴቱም ወንዱም ልጁም ተሰብስበው ይሄዱና በመጋዙ ፊት ይቆማሉ፤ ከሠራተኞቹም ጋራ ይነጋገራሉ፤ እነርሱም ድኾች ናቸውና ብዙዎቹ ሥራውን ትተው ይሄዱ ነበር። በ1985 የጎማ ቀጂዎች ብሔራዊ ጉባኤ ባቋቋሙ ጊዜ አንድ አዲስ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ደኑ የመንግሥት ይሁን፥ ለግል አይሸጥ፤ የመጠቀም መብቱ ግን ዛፉን ሳይቆርጡ ለሚኖሩበት ነዋሪዎች በሕግ ይሰጥ። ቺኮ ሜንዴስ በ1988 ታኅሣሥ 22 ቀን በቤቱ ደጃፍ በጥይት ተገደለ፤ ገዳዮቹ አንድ ከብት አርቢና ልጁ መሆናቸው በፍርድ ቤት ተረጋግጦ በ1990 ተፈረደባቸው። በዚያው በ1990 በስሙ የተሰየመና ወደ 970,000 ሄክታር የሚጠጋ ደን በዚህ ሕግ ተከለለ።

እውነቱን ለመናገር በዚያ በተከለለው ደን ውስጥ እንኳ በኋለኛው ዘመን ከብት እየበዛ ደን መመንጠሩ አልቀረም። ምክንያቱ የጎማው ዋጋ ወድቆ ከብቱ የሚሻል ገቢ ስለ ሰጠ ነው። ስለዚህ መብት ብቻውን አይበቃም፤ ከቆመው ዛፍ የሚገኘው ገቢ ቤተ ሰብ የሚያኖር መሆን አለበት። ሹሙ ለገበሬው የባለቤትነት ወረቀት ሰጥቶ ለማሩ፥ ለቡናውና ለፍሬው ገበያ ባይፈልግለት ሥራውን እኩሌታ ላይ ተወው ማለት ነው።

5ኛ፤ በወላይታ በሁምቦ የተደረገው

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል ቢኖር፥ ወደ ወላይታ ዞን ወደ ሁምቦ ወረዳ እንሂድ። በዚያ ያለው ተራራ ደኑ ተጨፍጭፎ አፈሩ እየታጠበ፥ ጎርፉም ከሥር ያለውን ማሳ እየጎዳ ይኖር ነበር። በ2006 ወርልድ ቪዥን የተባለው ድርጅት ከዓለም ባንክ ጋራ ሆኖ ደኑን መልሶ ለማልማት አሰበ። ሥራውም በአብዛኛው ችግኝ መትከል አልነበረም፤ በኒጀር እንደ ተደረገው ከጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየገረዙ መጠበቅ ነበር። የቦታው ስፋት 2,728 ሄክታር ነው።

ሥራው እንደ ተነገረ ሕዝቡ ወዲያው አልተቀበለም፤ ተራራው ከተከለለ በኋላ መንግሥት ይወስድብናል የሚል ስጋት ነበረበትና። ይህ ስጋት በስብከት አልጠፋም። የጠፋው ነዋሪዎቹ በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው በመሬቱ የመጠቀም መብታቸው የምስክር ወረቀት በተሰጣቸው ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ማኅበራቱ ራሳቸው ሕገ ደንብ አወጡ፤ ዘበኛ አቆሙ፤ ሣሩን እያጨዱ ለከብት ወሰዱ፤ የተገረዘውንም ጭራሮ ለማገዶ ተከፋፈሉ።

ሌላም ገቢ አገኙ። ዛፍ ሲያድግ ከአየር ውስጥ ካርቦን የሚባለውን ነገር ስቦ በግንዱና በሥሩ ያከማቻል። ይህ ነገር በፋብሪካና በመኪና ጭስ በዝቶ ምድርን ያሞቃል፤ ካበዙትም መካከል ባለጸጎቹ አገሮች ይበልጣሉ። ስለዚህ ካርቦኑን ለሚያስቀር ደን ዋጋ የሚከፈልበት ሥርዓት ተቋቁሟል። የሁምቦ ደን በ2009 በተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት ተመዘገበ፤ በ30 ዓመት ውስጥም ከ880,000 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያስቀር ተተመነ፤ ከዚህም 165,000 ቶኑን በዓለም ባንክ ሥር ያለ አንድ ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ገንዘቡ ለማኅበራቱ ሲደርስ ለእህል ጎተራና ለወፍጮ የመሰለ የጋራ ሥራ ዋለ። ቀድሞ እህሏን በራሷ ተሸክማ ሩቅ መንገድ ትሄድ ለነበረች ሴት የደኑ ጥቅም በወፍጮው በኩል ቤቷ ገባ ማለት ነው።

6ኛ፤ ሹሙ ሊያደርገው የሚገባ

ደኑን ለባላገሩ ብንሰጠው ቆርጦ ይጨርሰዋል የሚሉ ሹማምንት አሉ፤ ስጋታቸውም ከንቱ አይደለም። ችግር ሲጠና፥ የከሰል ዋጋም ሲወደድ፥ ባለቤትም ቢሆን ዛፉን ይቆርጣል። ነገር ግን በኒጀር የታየውን ያስቧል፤ ዛፉ የመንግሥት በነበረበት ዘመን ገበሬው በቡቃያው ቆረጠው፥ የገበሬው በሆነ ጊዜ አሳደገው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ባለቤቱ ያልታወቀ አጥር ግን ማንም ይነቀንቀዋል። በአገራችንም የደን ልማት፥ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥት ደን ሌላ የግል፥ የማኅበርና የማኅበረሰብ ደን እንዲኖር ፈቅዷል። ስለዚህ ሕጉ ለሹሙ መንገድ ከፍቶለታል፤ የቀረው በሥራ ማዋሉ ነው። ለዚህም የሚከተሉት 5 ነገሮች ይረዱታል።

አንደኛ፤ አንድ ቦታ ከመከለሉ በፊት ዛሬ የሚጠቀምበትን ሰው ሁሉ በስሙ መመዝገብ ነው። በስብሰባ ላይ የሚናገሩት ብዙውን ጊዜ መሬት ያላቸው ወንዶች ናቸው፤ ማገዶ የምትለቅመው ሴት፥ መሬት ያልደረሰው ወጣት፥ በበጋ ብቻ ከብቱን ይዞ የሚመጣው አርብቶ አደር ግን ከስብሰባው ይቀራሉ። እነዚህን ሹሙ ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት።

ሁለተኛ፤ እነዚህ ሰዎች ከክለላው ዕለት ጀምሮ የሚያጡትን ማስላት፥ በምትኩም የሚያገኙትን ከዚያው ዕለት ጀምሮ ማዘጋጀት ነው። ዛፉ ከ5 ዓመት በኋላ ይጠቅማችኋል የሚል ተስፋ የዛሬን ምሳ አይሆንም። ሣር አጭዶ የመውሰድ ፈቃድ፥ በተከለለው ቦታ ቀፎ መስቀል፥ በችግኝ ጣቢያ ሥራ ላይ ድኾችን ማስቀደም፥ እነዚህ ሁሉ በወረዳው አቅም የሚደረጉ ናቸው።

ሦስተኛ፤ መብቱን ቦታው ገና ባዶ ሳለ በወረቀት መጻፍ ነው። ባልና ሚስት ባሉበት ቤት የሁለቱም ስም ይጻፍ፤ ባሏ ቢሞት ወይም ቢፈታት ከተከለችው ዛፍ እንዳትነቀል ነው።

አራተኛ፤ ገንዘቡን የሚይዘውን ሰው ማወቅ ነው። ማኅበር ሲቋቋም ጥቂት ንቁ ሰዎች ሥልጣኑን ይይዙና ጥቅሙም በነሱ ዘንድ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የገቢና የወጪው ሒሳብ በዓመት ሁለት ጊዜ በሕዝብ ፊት፥ ማንበብ ለማይችሉትም በሚሰማ ቃል ይነበብ፤ ከሒሳብ ተቆጣጣሪዎቹም መካከል ሴቶች ይኑሩ።

አምስተኛ፤ የጸደቀውን መቁጠር ነው። በ2011 ዓመተ ምሕረት ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአገራችን እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ቀን ለአንድ ሥራ መነሣቱ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን የሹሙ ሥራ በዚያ ቀን አያበቃም፤ በዚያ ቀን ይጀምራል እንጂ። የኬንያ እናቶች ለጸደቀው ችግኝ እንጂ ለተተከለው እንዳልተከፈላቸው እናስታውስ።

ከነዚህ 5 ነገሮች አንዱም ቢሆን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው የሹሙን እግርና ትዕግሥት ነው። ስለዚህ ከሚመጣው ክረምት ጀምሮ ስለ ችግኝ ተከላ የሚጻፈው የወረዳ ሪፖርት፥ የተተከለው ብዛት ከሚጻፍበት ዓምድ አጠገብ ሁለት ዓምዶች ቢጨመሩለት መልካም ነው። በአንደኛው ከ1 ዓመትና ከ3 ዓመት በኋላ ጸድቆ የተገኘው ይጻፍበት፤ በሁለተኛው ደግሞ የዛፉ ባለቤት ስም። ይህ ሁለተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበትን ቦታ ያየ ሹም፥ ችግኝ ከመላኩ በፊት ወደዚያ መንደር ሄዶ ከሕዝቡ ጋራ ይቀመጥ።